የ«ፋራናይት 451»ን መጨረሻ ከተማሪዎች ጋር እንዴት እንወያይበት?

ይህን መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወያየሁ ዕለት ነገሩ በሩብ ሰዓት አለቀብኝ። «የመጽሐፉን ፍጻሜ እንዴት አያችሁት?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ እጁን አወጣና «ተስፋ መኖሩን ያሳያል» አለ። ከጎኑ የተቀመጠችው «እኔም እንደ እሱ ነኝ፤ ተስፋ አለ ነው የሚለው» አለች። ሦስተኛው «ማንበብ ጠቃሚ መሆኑን ያስተምረናል» ብሎ አሳረገው። ከዚያ በኋላ ዝም ዝም ሆነ። የቀረውን ጊዜ ብቻዬን ሳወራ ጨረስኩት፤ ልጆቹም ጨዋ ስለነበሩ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። «እንዴት አያችሁት?» ሲባል ትምህርት ቤት ያስለመደን መልስ ምክር ፈልጎ ማውጣት ነው። የሬይ ብራድበሪ መጽሐፍ ደግሞ ላይ ላዩን ሲያዩት ለዚህ የተመቸ ይመስላል። መጻሕፍት ይቃጠላሉ፤ አቃጣዩ ሞንታግ አንድ ቀን ይነቃል፤ ይሸሻል፤ መጻሕፍትን በቃላቸው ከያዙ ሰዎች ዘንድ ይደርሳል። ተፈጸመ። የመጨረሻዎቹን ገጾች ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይዋጥም። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አወያይቼበታለሁ፤ የሠራልኝን አካሄድ እነሆ።

አካሄዱ ከዘጠነኛ ክፍል በላይ ላሉ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ተማሪዎች የታሰበ ነው። ሁለት ስብሰባ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ በመካከላቸው ሁለት ሳምንት ይኖራል። እኛ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አንብበን በአማርኛ ነው የምንወያየው። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል። መጽሐፉን ገና ያላነበበ ሰው ግን ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል፤ መጨረሻውን ሳልናገር ስለ መጨረሻው መመሪያ መስጠት አልችልም።

አንደኛ፦ በልጆቹ እጅ ያለውን ቅጂ እዩ

ከስብሰባው ሳምንት በፊት የሁሉንም ቅጂ ሰብስባችሁ የመጨረሻውን ገጽ ተመልከቱ። በአንድ ወቅት አንድ ልጅ «ከተማው አልተደበደበም» እያለ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲሟገት ቆይቶ፣ ኋላ ስናየው ስልኩ ላይ የጫነው ቅጂ መጨረሻው ተቆርጦ የቀረ ሆኖ ተገኘ። ጎበዝ ተሟጋች ነበር፤ ግማሾቹን አሳምኖ ነበር።

ሁለተኛው የምታዩት የእትሙን ዓመት ነው። መጽሐፉ በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። በ1967 አሳታሚው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን ልዩ እትም አዘጋጀ፤ ደራሲው ሳያውቅ ወደ 75 የሚጠጉ ቦታዎች ተነካኩ። ስድቦች ወጡ። አንድ ሰካራም ታማሚ ተደረገ። እምብርት ስለማጽዳት የሚያወራ ቦታ ጆሮ ወደማጽዳት ተለወጠ። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ያልተነካው እትም መታተሙ ቀርቶ የተነካካው ብቻ ይሸጥ ነበር። ነገሩ የታወቀው በ1979 ተማሪዎች ለብራድበሪ ደብዳቤ ሲጽፉለት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሙሉው ጽሑፍ፣ ከደራሲው ቁጣ ያዘለ ማስታወሻ ጋር ተመለሰ።

ይህን ታሪክ አሁን ለልጆቹ አትንገሩ። ለሁለተኛው ስብሰባ ይጠቅማችኋል። በመካከላቸው የ1970ዎቹ አሮጌ እትም የያዘ ተማሪ ከተገኘ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ስሙን ያዙና ዝም በሉ።

ሁለተኛ፦ አራት ክር አከፋፍሉ

መጽሐፉ ሦስት ክፍል አለው፦ «ምድጃውና ሰላማንደሩ»፣ «ወንፊቱና አሸዋው»፣ «ደምቆ የሚነድ»። ለውይይቱ የሚያስፈልገው ሞንታግ ከወንዙ ከወጣበት ጀምሮ ያለው ነው፤ ብዙ ገጽ አይደለም። ሁለቴ እንዲያነቡት እዘዙ። በሁለተኛው ንባብ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ነገር ብቻ ይከተላል፤ ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየተጓዘ እስከ መጀመሪያው ክፍል ድረስ ይፈልገዋል፦ እሳት፣ የጦር ጄቶች ድምፅ፣ የሞንታግ ሚስት ሚልድረድ፣ ማስታወስና መርሳት።

ጄት የደረሳቸው መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማሉ፤ «ምን አለው እሱ?» ይላሉ። ሲመለሱ ግን ብዙ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። መጽሐፉን በመጀመሪያ ንባብ የጨረሰ ሰው ጦርነቱ ድንገት ከሰማይ የወረደ፣ ደራሲው ታሪኩን ለመዝጋት የፈጠረው ዘዴ ይመስለዋል። ድምፁን የተከተለ ተማሪ ግን ቦምብ ጣዮቹ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ከጣሪያው በላይ ሲያልፉ እንደነበር፣ ሰው ሁሉ ግን ግድግዳውን በሙሉ የሸፈነውን ቴሌቪዥን እያየ እንዳልሰማቸው ያገኛል። ይህን እናንተ ከነገራችኋቸው መረጃ ነው፤ ራሳቸው ካገኙት ግን መጽሐፉን እንደ ገና ያነቡታል።

ሦስተኛ፦ ቃላቱን በአማርኛ ተስማሙባቸው

አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ግን አትዝለሉት። በእንግሊዝኛው የሞንታግ ሥራ መጠሪያ ቃል በቃል «የእሳት ሰው» ማለት ነው፤ ሰውየው እሳቱን ይለኩሰው ወይም ያጥፋው ቃሉ አይናገርም፤ ብራድበሪም የተጫወተው በዚያ ክፍተት ነው። የእኛ ቃል ግን «እሳት አጥፊ» ነው። ሥራው በስሙ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ «እሳት አጥፊው ቤቱን አቃጠለው» ብሎ በአማርኛ መናገር ከእንግሊዝኛው ይልቅ ጆሮ ይጎረብጣል፤ ልጆቹ ይስቃሉ። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ «አጥፊ እኮ ብቻውን ሲሆን ጥፋት የሚሠራ ማለትም ነው» አለች። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ቆይቶ እንደገና እንመጣበታለን።

«ሳንሱር» ለሚለው ቃል ፍች እንዲሰጡ አታስገድዷቸው። እያንዳንዱ በወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ አጣጥፎ ይስጣችሁ፤ ሳታነቡ ኪሳችሁ ክተቱት።

አራተኛ፦ ለግማሽ ሰዓት «ተስፋ» የሚለውን ቃል ከልክሉ

ሕጉን በግልጽ ንገሯቸው፦ ለሚቀጥሉት ሠላሳ ደቂቃዎች «ተስፋ»፣ «ትምህርት»፣ «መልእክት» አይባልም። ስለ ሳንሱር ለመወያየት ቃል መከልከል ያስቃል፤ ይሳቁ። ልጆቹ ራሳቸው እርስ በርስ መቆጣጠር ሲጀምሩ ታያላችሁ፤ ያንንም ልብ በሉት፤ ኋላ ታነሡታላችሁ።

በዚህ ግማሽ ሰዓት የሚሠራው ምን እንደሆነ ብቻ መመዝገብ ነው። ሰሌዳውን ለሦስት ከፍላችሁ «የሞተ»፣ «በሕይወት ያለ»፣ «ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ክርክሩ የሚነሣው ግን እዚሁ ነው።

የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ ካፒቴን ቢቲ ሞቷል፤ የገደለውም ሞንታግ ነው። በዚህ የሚከራከር የለም። በሞንታግ ምትክ በቴሌቪዥን ፊት የተገደለው በሌሊት ብቻውን የሚንሸራሸር መንገደኛስ? ብዙዎቹ ጭራሽ ይረሱታል። የእሳት አጥፊዎቹ አሳዳጅ ሜካኒካዊ ውሻ ሞንታግን ወንዙ ላይ አጥቶታል፤ ተመልካች ግን ፍጻሜ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ያገኙትን ሰው ገደሉት፤ ካሜራውም ፊቱን አጥርቶ አላሳየም። ሞንታግ የራሱን ሞት፣ መጻሕፍትን በቃላቸው የያዙት ሰዎች መሪ በሆነው በግሬንጀር ትንሽ ቴሌቪዥን ቁጭ ብሎ ያያል። «ይህ ሰው በየትኛው ዓምድ ይግባ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ጋ አንዱ ተማሪ «ሞንታግን የሞተ ውስጥ ጻፉት፤ ለከተማው ሰው ሞቷል» አለ። አልተሳሳተም።

ሚልድረድን «የሞተ» ዓምድ ውስጥ ለማስገባት ይቸኩላሉ። ገጹን አውጡ በሏቸው። ስትሞት ያየ የለም፤ ሞንታግ ነው በሐሳቡ የሚያያት፤ ሆቴል ውስጥ፣ ግድግዳው ቴሌቪዥን ጠፍቶ የራሷ ፊት ብቻ ሲቀርባት። አዛውንቱ ፕሮፌሰር ፌበር ወደ ሴንት ሉዊስ በሚሄድ የንጋት አውቶቡስ ተሳፍሮ ወጥቷል፤ ቢያንስ ሊሳፈር ነበር። የሞንታግ ወጣት ጎረቤት ክላሪስስ? መኪና ገጭቷት እንደሞተች የምትናገረው ሚልድረድ ናት፤ እሷም እርግጠኛ አይደለችም፤ ለዚያውም ለመናገር አራት ቀን ፈጅቶባታል። ልጅቷን በየትኛው ዓምድ እንደምታስገቡ ሃያ ደቂቃ ብትከራከሩ አያስቆጭም፤ የመጽሐፉ ዓለም ሰው ሲሞት እንኳ ወሬው በወጉ የማይደርስበት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

አምስተኛ፦ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ቀስ ብሎ መቁጠር

አሁን አንድ ጥሩ አንባቢ ምረጡ። ከወንዙ ማዶ ሞንታግ ከሩቅ እሳት ካየበት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያንብብ፤ ሌሎቹ እሳቶቹን ይቁጠሩ።

የመጀመሪያው የሰዎቹ እሳት ነው። ሞንታግ ሲያየው ግራ ይገባዋል፤ ዕድሜውን በሙሉ ከእሳት ጋር የኖረ ሰው፣ እሳት ከመውሰድ ሌላ መስጠት እንደሚችል አያውቅም ነበር። እጃቸውን ዘርግተው የሚሞቁ ሰዎችን ነው የሚያየው። ሁለተኛው ከተማውን በቅጽበት ያጠፋው ነው። ሦስተኛው ሲነጋ ቁርስ የተጠበሰበት። እዚህ ላይ አንባቢውን አስቁሙትና ከቁርሱ በኋላ ምን እንዳደረጉ ጠይቁ። በልተው ሲጨርሱ እሳቱን አጠፉት። በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ያልፋል፤ የማያስተውለው ይበዛል። ያን ጊዜ ሰሌዳው ላይ ወደ ተጻፈው «እሳት አጥፊ» ዞር በሉ። ምንም ማብራሪያ አትጨምሩ። እኔ አንድ ጊዜ ማብራራት ጀምሬ የልጆቹን ደስታ ቀማኋቸው።

ሁለተኛው የቅርብ ንባብ የማስታወስ ክር የደረሳቸው ቡድን ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሞንታግ ሚስቱን የት እንደተገናኙ ይጠይቃታል፤ እሱም እሷም አያስታውሱም፤ እሷ እየሳቀች ታልፈዋለች። በሁለተኛው ክፍል በባቡር ውስጥ የወንጌልን ቃል ለመያዝ ሲታገል የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ እየጮኸ ያስረሳዋል፤ አንድ የአክስቱ ወይም የአጎቱ ልጅ በልጅነቱ ወንፊት በአሸዋ ሙላ ብሎት እንደነበር ትዝ የሚለው ያን ጊዜ ነው። (በአማርኛ «ወንፊት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያለ ድካም ይሠራል፤ ስንዴ ሲነፋ ያላየ ልጅ ብዙም የለም።) በመጨረሻው ከተማው በተደበደበ ጊዜ ሞንታግ መሬት ላይ ተደፍቶ ሳለ ድንገት ያስታውሳል። ምን? ልጆቹ በቃሉ ሊይዘው ሲታገል የነበረውን «መጽሐፈ መክብብን» ይላሉ። እንደገና አንብቡት በሏቸው። መጀመሪያ ትዝ የሚለው ቺካጎ ነው፤ ከሚልድረድ ጋር የተገናኙበት ከተማ። መክብብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥቂት ገጽ አስቀድሞ እኮ ይኸው ሰው ሚስቱን እንደማትናፍቀው፣ ብትሞትም ያዝናል ብሎ እንደማያስብ ለግሬንጀር ነግሮት ነበር። ለምን ሰው ከመጽሐፍ ቀደመ? ጥያቄውን ወርውሩና ጠብቁ። በእኔ ልምድ ዝምታው እስከ ደቂቃ ይደርሳል። አትሙሉት።

ስድስተኛ፦ ዋናው ጠብ

ግሬንጀርና ጓደኞቹ መጻሕፍት አያድኑም። ይህን የማያስተውሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። እነሱም ያቃጥላሉ፤ አንብበው፣ በቃላቸው ይዘው፣ እንዳይገኝባቸው ወረቀቱን ያቃጥሉታል። አንድ ጊዜ ያነበቡትን ሁሉ መልሶ የማስታወሻ ዘዴ አለን ይላሉ። ራሳቸውን የሚያዩትም እንደ መጽሐፍ ሽፋን ወረቀት እንጂ ከዚያ በላይ እንደ ምንም አይደለም። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ብዙ ነገር እንደሚጠፋም ግሬንጀር ራሱ አይክድም።

ይህን ሁሉ ሰሌዳው ላይ አስፍሩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፦ መጽሐፍን በቃል የያዘ ሰው መጽሐፉን አነበበው?

ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ «ደጋፊና ተቃዋሚ» ማድረግ አልመክርም። ልጆቹ ለማሸነፍ መናገር ይጀምራሉና ጽሑፉ ይረሳል። ይልቅ ጥያቄውን የሚያውቁት ነገር ጋር እንዲያያይዙት ፍቀዱላቸው፤ የሚያውቁት ነገር ደግሞ አለ። አንድ ዝምተኛ ልጅ እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ አያቴ ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ። ግእዝ ግን አይሰሙም። ታዲያ አያቴ አንባቢ ናቸው ወይስ እንደ ግሬንጀር ሰዎች መጽሐፍ ናቸው?»

ማንም አልሳቀም። የቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሌላ ልጅ መለሰለት፦ «አያትህ ዳዊት ደግመዋል፤ ይህ የንባብ ቤት ነው። ምን ማለት እንደሆነ የሚነገረው ግን ትርጓሜ ቤት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።»

ከዚያ በኋላ ውይይቱን ሁልጊዜ በዚህ በኩል እወስደዋለሁ። የአብነት ትምህርታችን ቃሉን መያዝንና ቃሉን መተርጎምን ለየብቻ ቤት ሰጥቷቸዋል፤ ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔ፣ ከዚያም መጻሕፍት ከነትርጓሜያቸው። ተማሪው በማታ በቃል የሚያጠናውን የኔታ በጆሯቸው ያርሙታል፤ አንዲት ቃል ብትዘለል ይመልሱታል። የግሬንጀርን ሰዎች በዚህ ዓይን ስታዩአቸው ጥያቄዎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። የሚያርማቸው ማነው? መክብብን የያዘ ሌላ ሰው በሌላ ከተማ አለ ይላሉ፤ እሱ ቢሞት ሞንታግ ምትክ ነው፤ ሁለቱ ባይስማሙስ ማን ይዳኛል? ትርጓሜ ቤታቸውስ የት ነው? እሳቱ ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ሴት የለችም፤ ይህንን ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ሴቶች ልጆች ናቸው፤ ሲያነሡትም «ዘመኑ እንዲህ ነበር» ብላችሁ አታልፉት።

ግሬንጀር መጨረሻ ላይ የሚናገረው አንድ ነገር አለ። ከሁሉ አስቀድመን መስታወት የሚሠራ ፋብሪካ እንገነባለን፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሁሉ መስታወት ብቻ እያመረትን ራሳችንን እናያለን ይላል። ለምን መስታወት? መጻሕፍትን በጭንቅላቱ የተሸከመ ሰው ከሁሉ በፊት ማተሚያ ቤት ማለት አልነበረበትም? እኔ መልሱ አለኝ የምለው ነገር የለም፤ በየጊዜው የተለየ ነው የምሰማው። «ራስህን ካላወቅክ ያተምከውን መልሰህ ታቃጥለዋለህ» ያለኝ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እስካሁን ይበልጥብኛል።

ሰባተኛ፦ «ማን ከለከለ?»

እዚህ ሲደርስ ወሬው ወደ አገራችን መሄዱ አይቀርም። በእኔ ክፍል ሁልጊዜ የሚነሣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው፤ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበው፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 እንደ ወጣ የቀረው። ይነሣ። «ከርዕስ አትውጡ» ማለት በዚህ ውይይት ላይ ያስተዛዝባል። አምስት ደቂቃ ስጡትና ግን ልዩነቱን ጠይቁ፦ «ኦሮማይ»ን የሰበሰበው ማነው? በብራድበሪ ከተማስ ማቃጠሉን የጀመረው ማነው?

ለሁለተኛው መልስ ወደ ቢቲ ረጅም ንግግር መመለስ ግድ ነው። ቢቲ ነገሩ ከመንግሥት አልተጀመረም ይላል። መጀመሪያ ሰው ረጅም ነገር ማንበብ ታከተው፤ መጽሐፍ ወደ ማጠቃለያ፣ ማጠቃለያ ወደ አንድ አንቀጽ አጠረ። ከዚያ እያንዳንዱ ወገን ቅር ያሰኘውን ገጽ አስወጣ። እሳት አጥፊው የመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ቢቲ የሚታመን ሰው ነው ወይ? መጥፎ ሰው የተናገረው ሁሉ ውሸት ነው የሚሉ ልጆች ይኖራሉ። ሞንታግ ራሱ ቢቲ መሞት ፈልጎ ነበር ብሎ እንደሚደመድም አስታውሷቸው፤ መጻሕፍቱን በቃሉ እየጠቀሰ የሚያቃጥል ሰው ነበረና። መጽሐፍ በቃሉ የያዘ ሌላ ሰው! ከስድስተኛው ጥያቄ ጋር ስታያይዙት ክፍሉ እንደገና ይሞቃል።

ፊልሙን ለማሳየት ጊዜ ካላችሁ የፍራንሷ ትሩፎን እ.ኤ.አ. የ1966 ሥራ መጨረሻ ብቻ አሳዩ። ቦምብ የለም፤ ክላሪስ በሕይወት አለች፤ ሰዎቹ በሚዘንብ በረዶ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሱ መጽሐፋቸውን ያነበንባሉ። ያማረ ነው። ከተማው ሳይፈርስ ሲቀር ግን መስታወቱ ለምን እንደቀረ ጠይቁ። ጊዜ ከሌላችሁ ይለፍ።

የመጀመሪያውን ስብሰባ በመጨረሻው ገጽ ዝጉት። ሞንታግ ወደ ፈረሰው ከተማ ከሚሄዱት ፊት ሆኖ ይራመዳል፤ ለማፍረስም ለመሥራትም ጊዜ አለው የሚለው ቃል በውስጡ ይመጣል፤ ከራእይ ደግሞ በወንዙ ወዲያና ወዲህ ያለው ዛፍ። ቅጠሉ ሕዝብን የሚፈውስ። ለእኩለ ቀን አስቀምጠዋለሁ ይላል በልቡ፤ ከተማው ስንደርስ። መጽሐፉ ያልቃል። «ተናገረው ወይስ አልተናገረውም?» ብላችሁ ላኳቸው። የ«ተስፋ» እገዳም እዚህ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜ ያን ሰዓት ቃሉን የሚፈልገው ሰው የለም።

ስምንተኛ፦ የሁለት ሳምንቱ ሙከራ

ከመበተናችሁ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ አሥር መስመር የሚሆን ጽሑፍ ይምረጥ፤ ግጥም፣ ከልብ ወለድ አንድ አንቀጽ፣ የአያቱ ደብዳቤ፤ የፈለገውን። አንድ ቅጂ ለእናንተ ያስቀምጥ። በአምስት ቀን ውስጥ በቃሉ ይያዘው፤ ከዚያ ወረቀቱን እናንተ ጋ ያስገባ። እንደ ግሬንጀር ሰዎች እንዲያቃጥሉት ማድረግ ያጓጓል፤ አታድርጉት፤ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ወረቀት ማቃጠል የሚያስከትለውን ነገር በራሴ አይቻለሁ፤ ከዘበኛው ጋር የተደረገው ውይይት ከእኛ ይበልጥ ረዝሟል። በቀሩት ቀናት መከለስ አይፈቀድም።

በሁለተኛው ስብሰባ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ በቃሉ የያዘውን ይላል፣ ሌላው ይጽፋል። ከዚያ ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡና ልዩነቱን በቀይ አስምሩ። የሚጠፋው ነገር የዘፈቀደ አይደለም። የሰውና የቦታ ስም ቶሎ ይረግፋል። እንግዳ ቃል በሚታወቅ ቃል ይተካል። ሻካራው ይለሰልሳል። የሚገርመው፣ የለወጠው ሰው መለወጡን አያውቅም፤ «ይህ ነው የጻፈው» ብሎ ይምላል። ለማረም ሲሞክሩም ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ይመርጣሉ፤ «የኔው ያምራል» ያሉኝ አሉ።

የ1967ቱን እትም ታሪክ የምትነግሯቸው አሁን ነው። ሰካራሙን፣ እምብርቱን፣ የተማሪዎቹን ደብዳቤ። አሮጌ እትም የያዘ ልጅ ካለ ገጹን ያውጣና ከሌላው ጋር ያስተያይ። ከኪሳችሁ የመጀመሪያውን ቀን ወረቀቶች አውጥታችሁ መልሷቸው፤ «ሳንሱር» ብለው የጻፉትን ፍች እያንዳንዱ ያንብበው፤ መለወጥ የፈለገ ይለውጥ። ብዙዎቹ «መንግሥት» ብለው የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ይሰርዛሉ፤ ጥቂቶች ደግሞ ይበልጥ ያጸኑታል፤ ሁለቱም ምክንያት ይስጡ።

በመጨረሻ ቀይ ወደ ተሰመረባቸው ወረቀቶች ተመለሱና በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ «ረሳሁት» ወይም «ለወጥኩት» ብለው እንዲጽፉ አድርጉ። ባለፈው ዙር የአንዲት ልጅ ወረቀት ላይ አንድ ሙሉ መስመር ጠፍቶ ነበር፤ ከምትወደው ግጥም መሐል። ከሁለቱ አንዱንም ሳትጽፍ ቆየች። ጓደኛዋ «ረሳሁት በይና ጨርሺ» አለቻት።

«አልረሳሁትም» አለች። «መጀመሪያውንም አልወደድኩትም ነበር።»